የወይዘሮ እንጉዳይ ቤት ጭስ

በአንድ ወቅት፣ ከዳንግላ ወዲያ በአንድ ኮረብታ አናት ላይ፣ ወይዘሮ እንጉዳይ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የማገዶና የኩራዝ ጭስ ሲምጉ ኖረው ሳንባቸው ታመመ። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ከጭስ ካልራቁ ዓመቱን አይዘልቁም» አላቸው። ልጆቻቸው ከተማ እንውሰድሽ ቢሏቸው እንቢ አሉ። ሦስቱንም አስቀምጠው «ቤቱ አንድ ነው፤ ጓሮውም ለሦስት አይበቃም። ጭስን ከዚህ ቤት ያስወጣልኝ ይውረሰው» አሉ።

የበኩር ልጃቸው አንለይ መተማ ወርዶ፣ ወባ እያንቀጠቀጠው ሰሊጥ አጨደ። ሲመለስ ሰፊ ሶላር በትከሻው ተሸክሞ ነበር። ጣሪያው ላይ አሰረው፤ አምፖል በራ፤ ኩራዙም ተጣለ። የማገዶው ጭስ ግን አልቀረም፤ እናትየው አሁንም ይስላሉ።

ሁለተኛዋ ልጃቸው የዝብነሽ ደግሞ ጓሮውን ቆፈረች። ጉድጓዱን በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብታ፣ የላሞቹን እበት በውሃ እየበጠበጠች ሞላችው። ጎረቤቱ «በእበት ወጥ ልትሠራ ነው!» ብሎ ሳቀባት። እሷ መበጥበጧን ቀጠለች። አንድ ጠዋት እበቱ ተብላልቶ ከጉድጓዱ በቱቦ የመጣው ባዮጋዝ ምድጃው ላይ በሰማያዊ ነበልባል ተቀጣጠለ። ጭስ የለውም። ወይዘሮ እንጉዳይ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ በረጅሙ ተንፍሰው አለቀሱ።

በጋው ግን ከፋ። ጉድጓዱ ውሃ ይፈልጋል፤ ያልደረቀው ደግሞ ከገደሉ ሥር ያለው ምንጭ ብቻ ነው። የዝብነሽም ጀሪካን ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። እሳቱም ጠፋ። እናትየው «ልጄ ከምትሰበር እኔ ልሳል» ብለው ማገዶ አነሡ።

የመጨረሻው ልጅ ጤናው ማገዶውን ከእጃቸው ነጠቀ። አንለይ ለሥራ ርቆ ስለነበር ሳያስፈቅደው ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ሶላሩን አውርዶ ከአትክልተኛ ጎረቤት በተዋሰው ፓምፕ ላይ ገጠመው። ውሃው በቱቦ ገደሉን ወጣ። እሳቱ እስኪመለስ ድረስ ጤናው ራሱ ደጅ ላይ በማገዶ አበሰለ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ማታ ማታ ቢጨልምም፣ እናትየው ዓመቱን በደህና ዘለቁ።

አንለይ ሲመለስ ጣሪያው ባዶ ነው።

«ማን ፈቀደልህ?» አለው ጤናውን።

«ወንድም ጋሼ፣ ብርሃን ቢጠፋ እማ ትታገሣለች። ትንፋሽ ቢጠፋስ?»

«በሰው በሬ አርሰህ ምርቱ የኔ ነው ልትል ነው?»

የዝብነሽ በምርኩዟ ተደግፋ መጣች። «በሬውን ተዉት» አለች። «እሳቱን የወለድኩት እኔ ነኝ። ሶላሩም ፓምፑም የኔን ጉድጓድ አገለገሉ እንጂ ጭስ አላስወጡም።»

«አንቺ ስትወድቂ እሳትሽም አብሮሽ ወደቀ፤ ማን አነሣው?» አላት ጤናው።

ወይዘሮ እንጉዳይ ቃላቸውን ማጠፍ አልፈለጉም። የአገር ሽማግሌዎችን ጠሩ። ሽማግሌዎቹም ሦስት ቦታ ተከፍለው፣ ሲከራከሩ ውለው ሳይስማሙ ተበተኑ።

እንግዲህ ፍርዱ ወደ እናንተ መጥቷል። ሶላሩን ያመጣው፣ እሳቱን የወለደችው፣ ወይስ የሰው ነገር ሳያስፈቅድ ወስዶ እሳቱን የመለሰው? ቤቱ ለማን ይገባል?