የሁለት ጉድጓድ አፈር

አንድ ሰው ነበረ። አትቁነጥነጪ ውድነሽ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁም። «ልጄ ደም የሚያንሳት በእኔ ጥፋት ነው ወይ? ባሌ እናትሽ ቤት ሂጂልኝ አለኝ» ብለሽ ነው የመጣሽው። ሠላሳ ዓመት በጤና ጣቢያ መርፌ ስወጋ የኖርኩ ሽማግሌ ነኝና አስጨርሺኝ።

ሰውየው አፈር ይቆፍራል፣ ሚስቱ እንስራ ትሠራለች። በአገራቸው ሙሽራ ስትመጣ ከአባቷ ጉድጓድ የሸክላ አፈር አስጭና ነው። አማቶቿ ከላዩ ዘግነው በወንፊት ይነፉታል። የባልን አፈር ግን መንፋት ነውር ነው። የዚህችኛዋ ሲነፋ ትንሽ ነጭ ጠጠር ቀረ፤ ያን ጊዜ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከዚያ ከባል አንድ ቁና፣ ከሚስት አንድ ቁና እየተደባለቀ ይሠራ ጀመር።

እንስራዎቹ ያምሩ ነበር። ውሃ በተቀዳባቸው በሳምንቱ ግን አንዳንዱ ተሰንጥቆ ያፈስሰዋል። ሁሉም አይደለም፤ ከአራት አንዱ እንበል። አንዳንዴ ሁለት ተከታትለው ይሰነጠቃሉ፣ አንዳንዴ ሁሉም ደህና ይከርማሉ።

ሰውየው መጀመሪያ «አልበሰለም» አለና ኩበቱን ከመረበት። እሳቱ በበዛ ቁጥር ስንጥቁ ባሰ። ቀጥሎ ያ ጠጠር ትዝ አለውና «ያንቺ አፈር ነው!» አላት።

«የአባቴ ቤት እንስራ እስከ ዛሬ ውሃ ይዟል» አለችው።

«የኔስ አባት?» አለ። እሱም እውነቱን ነው።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይባል የለ? እዚህ ግን ወንድ ነው ያማሰለው። አፈሯን ደጅ ደፋው፣ እሷንም አስወጣት። እናቷ ቤት ገባች፣ ክረምቱንም ሳትወጣው ሞተች። ከሐዘን ነው ይላሉ፤ እኔ እንጃ።

በመስከረም ሰውየው ብቻውን ተቀምጦ የራሱን አፈር ነፋው። ያው ነጭ ጠጠር ወንፊቱ ላይ ቀረ። ጠጠሩ በየቁናው አይገባም፤ በአንደኛው ቁና ብቻ ሲኖር እንስራው ይችለዋል፤ በሁለቱም ሲኖር ነው የሚሰነጠቀው። ወንፊቱን ይዞ መቃብሯ ድረስ ሄደ። ለማን ያሳየው?

አሁን ወዳንቺ። የምርመራ ወረቀቷ እንደሚለው የልጅሽ ቀይ ደም እንደዚያ እንስራ ነው፤ ዕድሜው ሳይደርስ ይሰበራል። ዓይኗ ቢጫ የሚሆነው፣ ጉልበት የሚከዳት ለዚህ ነው እንጂ በደንብ ስላልመገብሻት አይደለም። ጎረቤት ያመጣላትን የብረት ክኒንም ሐኪም ሳያዝ አትስጪያት፤ ብረቱ በሰውነቷ ተከማችቶ የኩበቱ ነገር እንዳይሆንብሽ። አንቺም ባልሽም ጤነኞች ናችሁ፤ እያንዳንዳችሁ ከወላጆቻችሁ የወረሳችሁትን ጠጠር ሳታውቁት ይዛችሁ ተገናኛችሁ። ማንም ማንንም አልበደለም። ትድናለች ብዬ አልዋሽሽም። ደም እየወሰደች፣ ሐኪም ቤት እየተመላለሰች ነው የምትኖረው፤ ለእናት ከባድ ነው፣ አንጀቴን ይበላኛል።

ባልሽ ደጅ ቆሟል አይደል? ጥሪው። ዛሬውኑ ክንዱን ለደም ምርመራ ይዘርጋ። ያንቺ አፈር ሲነፋ ከርሟል፤ አሁን የእሱም ይነፋ፣ አንቺ በሕይወት እያለሽ።