ጠጠር ያሰለፈው ቁራ

በሐይቁ ዳር ባለው የግራር ጫካ ንጉሡ ጭልፊት ነበር። ሕጉም አጭር ነው፦ ንጉሥ ሲርበው ይበላል። ችግሩ ግሪሳ የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ናቸው። መንጋ ሆነው ይበራሉ፤ ጭልፊት ሲወረወርባቸው ሁሉም ባንዴ ይታጠፋሉ፤ ግርማዊነቱም አየር ጨብጦ ይመለሳል። ንጉሥ ጦሙን ሲያድር አገር ያሳፍራል፣ አይደል?

«መሪያቸውን ፈልግልኝ» አለው አዋቂውን ቁራ።

ቁራ ክፉ አልነበረም። ማወቅ ግን ይወድ ነበር፤ ወይ ጉድ፣ እንዴት ይወድ ነበር! አሸዋ ላይ ጠጠር በትኖ፣ እያንዳንዱን ጠጠር እንደ አንድ ግሪሳ ቆጥሮ፣ በሦስት ደንቦች ያንቀሳቅሳቸው ጀመር፦ ጎረቤትህን አትግጨው፤ ወደዞረበት ዙር፤ ብዙም አትራቀው። ጠጠሮቹ ልክ እንደ መንጋው ታጠፉ። ቁራ በደስታ ጮኸ።

«ጌታዬ፣ መሪ የላቸውም። እያንዳንዱ የሚያየው አጠገቡ ያሉትን ጥቂቶች ብቻ ነው።»

ጭልፊት አሰብ አደረገና «ታዲያ ጥቂቶቹ የእኔ ቢሆኑስ?» አለ።

ቁራ እዚህ ላይ ምላሱን መያዝ ነበረበት። ጥያቄው ግን ጣፈጠው። ጥቂት ጠጠሮችን ወደ ራሱ አዞረ፤ የቀሩት ተከተሉ። «ሁሉም ይመጣሉ» አለ።

ጭልፊት የጥቂት ግሪሳዎችን ጫጩቶች ያዘና ወላጆቻቸውን «ነገ ወደ ገደሉ ታጠፉ፤ ልጆቻችሁን እመልስላችኋለሁ» አላቸው። ታጠፉ። መንጋው ተከተለ። ከገደሉ ሥር ንጉሡና ዘመዶቹ ይጠብቁ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የተረፉት ግራሩ ላይ ተሰበሰቡ። ንጉሡም ሐዘኑን ሊገልጽ መጥቶ ከላይኛው ቅርንጫፍ ተቀመጠ።

«ማነው ወደዚያ ያዞረን?» አለች ልጆቿን በሙሉ ያጣች አንዲት ግሪሳ።

«እኔ ጎረቤቴን አይቼ ነው።»

«እኔም።»

«እኔም እንደዚያው።»

ቁራ ከዚያ በላይ አልቻለም። ጥፋቱ እህል አላስቀምስ ብሎት ነበር የሰነበተው። መካከላቸው ገብቶ «እኔ ነኝ» አለ። «እንዴት እንደምትታጠፉ ለንጉሡ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ልጆችሽን ያስበላሁብሽ እኔ ነኝ፣ እህቴ። የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

እናቲቱ ወደ እሱ ቀረበች። ቁራ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቢወጉት፣ ቢያባርሩት እፎይ ባለ ነበር።

ከንጉሡ ቅርንጫፍ ሥር ያሉ ጥቂት ግሪሳዎች ግን፣ ንጉሡ ቁልቁል ሲያያቸው፣ ለቁራ ክንፋቸውን አጨበጨቡለት። ጫጩቶቻቸው ገና አልተመለሱላቸውም። አጠገባቸው ያሉት አዩና አጨበጨቡ፤ የእነዚያም ጎረቤቶች ተከተሉ። ግራሩ በጭብጨባ ተናወጠ።

ቁራ ዓይኑን ገልጦ እናቲቱን ፈለጋት። ግራና ቀኟን እያየች ነበር። ከዚያ እሷም አጨበጨበች።