የአቶ ጓንጉል ሞንታርቦ

አንድ አዝማሪ ሱቅ ገብቶ ለማሲንቆው ትከሻ ላይ የምትንጠለጠል ቀለል ያለች የድምፅ ማጉያ ሲመርጥ፣ ለፎቃቸው ምርቃት ሊያዘፍኑት ያመጡት አቶ ጓንጉል ሳቁበት።

«ይቺን ነው? ያንን ትልቁን ሞንታርቦ ያዝ እንጂ! ውዳሴዬ እስከ ገበያው ካልተሰማ ምኑን መረቅኩት?»

አዝማሪው ሞንታርቦውን ገፋ ቢያደርገው ንቅንቅ አላለም። እጅ ነሣና፣

«ጌታዬ፣ የኛን ሥራ ያውቁታል፤ ‹ተቀበል› ብሎ ግጥም የሰጠኝን ሁሉ ተቀብዬ እዘፍናለሁ፤ እምቢ አይባልም። በትንሿ ከዘፈንኩ፣ ግጥም የሚሰጠኝ ድንኳንዎ ውስጥ ቁርጥ የሚበላው እንግዳ ብቻ ነው። በዚህኛው ከሆነ ግን፣ ለፎቁ ሲሉ ያፈናቀሏቸው ጎረቤቶችዎም ሰምተው ‹ተቀበል!› እያሉ ይመጣሉ» አላቸው።

አቶ ጓንጉል ግራ ቀኙን አይተው ወደ ባለሱቁ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ፣

«ከዚችም ያነሰች የለችህም?» አሉት።