ለቅሶ የተከለከለው ሸማኔ

የበደለችኝ የወንድሜ ልጅ ትብለጥ ናት። አብሮ አደጌ እማዋይሽ ሞታ ተቀብራ፣ «አክስቴ ልቧ ደካማ ነው» ብላ አሥራ አንድ ቀን ደበቀችኝ። ከጎረቤት ሰምቼ ባፋጥጣት፣ ታዲያ ልቡ የደከመ ሰው እንዴት ይያዛል ብላ ጠየቀችኝ። ቁጭ በይ አልኳት።

አንድ ሸማኔ ነበረ። ልቡ ደከመ። እግሩ አበጠ፤ ትራስ ካልተደገፈ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ከአልጋው ደጃፉ ሲደርስ ትንፋሹ ይቆረጣል። ሐኪም ኪኒን ሰጠው፣ ጨው ከለከለው። ወንድ ነዋ፤ አልጫውን ያለ ጨው ሳያማርር በላ፣ ኪኒኑን አንድ ቀን አላጓደለም።

ለቤተሰቡ ይሄ አልበቃም። እንዳይደክም ብለው ሽመናውን አስተዉት። እንዳይናደድ ብለው ወዳጆቹን ከደጅ መለሱ። እንዳይደነግጥ ብለው የመንደሩን መርዶ ሁሉ ደበቁት። እሱ ብቅ ሲል ወሬ ይቆማል። እብጠቱ ጎደለ፤ ሰውየው ግን ምግብ ጠልቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አንድ ቀን ሚስቱ ገባች። ገበያ ነበርኩ አለችው። የነጠላዋን ጥለት ግን ወደ አንገቷ እንዳደረገች ረስታዋለች፤ እንዲያ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው። ይህንን ደግሞ ከሸማኔ ይደብቁታል? ማን ሞተ አላት። ጥለቱን ልትገለብጥ ሞከረች። ኋላ ግን፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ አብሮት ሲሸምን የኖረው ጓደኛው መሆኑን ተናገረች።

ሊነሳ ሲል ሁሉም ያዙት።

«ጨው ሐኪም ከለከለኝ፤ እሺ አልኩ» አለ። «ለቅሶ የከለከለኝ የቱ ሐኪም ነው?»

በትሩን ይዞ ወጣ። በየሰው ደጃፍ እያረፈ ደረሰ፤ አለቀሰ። በዚያም አላበቃ፤ ሟቹ ለአንድ ረጅም ሙሽራ ጉልበቱ ላይ የሚቀር ጋቢ ሸምኖ ሦስት ቀን የተደበቀበትን ጉድ አውርቶ ለቀስተኛውን አሳቀው። ቤቱ ሲመለስ እራት ጠየቀ። ልቡ አልዳነም፤ እብጠቱም ይሄዳል ይመጣል። እሱ ግን ጥቂት ጥቂት እየሸመነ፣ ሲደክመው እያረፈ፣ ሰው እየመጣ እያጫወተው ሁለት ክረምት ኖረ። እንደሱ ያለ ጀግና አላየሁም።

እንግዲህ ትብለጥ፣ ሸማኔው እኔ ነኝ፤ ሚስትየዋ አንቺ ነሽ። እሷ ክፉ አልነበረችም፤ አንቺም አይደለሽም። ኪኒኑ ትንፋሼን ያቆይልኛል። ትንፋሹ ለምን እንደሚያስፈልገኝ ግን ኪኒኑ አያውቅም፤ ከሰው ጋር ልስቅበት፣ ለሰው ላለቅስበት ነው። ልቤን እጠብቃለሁ ብለሽ እኔን በቁሜ አትቅበሪኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ኪኒኔን ውጬ፣ እሷን አስከትዬ ወደ እማዋይሽ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ አራት ጊዜ አረፍኩ። ደርሼም እንደሚገባት አድርጌ አለቀስኩላት።