ዘጠነኛዋ ቁራጭ

ተረቱ ከላም በረት ይጀምራል፤ በረቱ ግን ተዘግቷል። ውስጥ ያለችው የወይዘሮ ይመኙሻል አንዲት ላም ዳለቻ ናት። ከገበያ በተገዛች በሳምንቷ ሁለት ጊዜ ሳለች። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ጌጤነህ ደሟን ለከተማው ላቦራቶሪ ላከና፣ “ይግቡ፣ ያብሏት፣ ይጥረጉላት፤ እሷ ግን አንድ እግሯን እንዳታወጣ” አለ። ይኸው ሃያ ቀን ሆነ፤ ወተቷ እየነጠፈ ነው፤ ጥጃዋ ከውጭ እምቧ ትላለች። የይመኙሻል ፍላጎት ትንሽ ነበር፤ ዳለቻ ወጥታ ሣር ትጋጥ።

“ዶክተር፣ ላሜን ልቀቅልኝ።”

“ጤነኛ ናት የሚል ደብዳቤ ካልመጣ አልለቅም፣ እትዬ። በቃልም አልቀበልም።”

መንገዱን ክረምት ቆርጦታል። ደብዳቤው የሚመጣው በስልክ ሽቦ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ባለው፣ ሞደም በሚሉት ሣጥን ነው። ወደ ጸሐፊዋ ወደ ብዙነሽ ሄደች።

“ብዙነሽ፣ ሐኪሙ ላሜን አልለቅ አለ፤ ደብዳቤው አልመጣ አለ። ምነው?”

“እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ? ደብዳቤውን ወደ ቁጥር ለውጠው፣ አርባ ቦታ ቆራርጠው ነው የሚልኩት። እያንዳንዱ ቁራጭ ጅራቱ ላይ የቁጥሮቹን ድምር ይዞ ይመጣል። ሞደሙ የደረሰውን ራሱ ይደምራል፤ ካልገጠመለት ‘ድገም’ ይላል። ስምንቱ ደረሱ፤ ዘጠነኛዋን አሥር ጊዜ አስደግሟት መስመሩን ዘጋ።”

“ስምንቱን ስጪኝና ለሐኪሙ ላሳየው።”

“ሞደሙ ጎደሎ አይሰጥም።”

ይመኙሻል ሣጥኑን ትክ ብላ አየችው። ያልሰማውን ሰማሁ የማይል ፍጡር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። የባሏ ዘመዶች ይህን ቢያውቁበት ስንት ነገር በቀረ!

“ዘጠነኛዋን ማን ነው የሚያበላሻት?”

“ሽቦው ይንኮሻኮሻል።”

ወደ ስልክ ሠራተኛው ወደ ቸኮል ሄደች።

“ቸኮል፣ ሐኪሙ ላሜን አልለቅ አለ፤ ሞደሙ ደብዳቤውን አልሰጥ አለ፤ ዘጠነኛዋ ቁራጭ በደህና አልደርስ አለች፤ ሽቦህ ዝም አልል አለ። ምነው?”

“የዋንዛው ቅርንጫፍ ነዋ! ነፋስ በመጣ ቁጥር ሽቦውን ያሸዋል።”

“ቁረጠዋ!”

“የአያ ደምለው ቀፎ እኮ ተሰቅሎበታል። ባለፈው ንቦቹ ያሳበጡትን ጆሮዬን አይተውታል? አልወጣም።”

ደምለውን ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው።

“አያ ደምለው፣ ሐኪሙ ላሜን አልለቅ አለ፤ ሞደሙ ደብዳቤውን አልሰጥ አለ፤ ዘጠነኛዋ ቁራጭ በደህና አልደርስ አለች፤ ሽቦው ዝም አልል አለ፤ ቅርንጫፉ ማሸቱን አልተው አለ፤ ቸኮል ዛፍ አልወጣ አለ፤ ንቦችህ ቦታ አልለቅ አሉ። ምነው?”

“ንብ ያለ ጭስ ንቅንቅ አይልም፤ ጭስ ደግሞ ደረቅ ኩበት ይፈልጋል። ዘንድሮ ዝናቡ የአገሩን ኩበት ሁሉ አበስብሶት የለ? እስቲ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ያልወጣች ላም ፈልጊልኝ!”

ይመኙሻልን ሣቋ አመለጣት።

ሃያ ቀን ሙሉ ከዳለቻ ሥር የጠረገችውን እበት፣ ከእጇ ልማድ የተነሣ ከበረቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግድግዳው ላይ ስትለጥፍ ነበር የከረመችው። ወደ በረቱ ሮጠች። የፊት የፊቱ ኩበት ደርቆ እንደ ጣውላ ይንኳኳል።

ኩበቱ ጨሰ፤ ንቦቹ ቦታ ለቀቁ፤ ደምለው ቀፎውን አወረደ፤ ቸኮል ጆሮውን በሻሽ ጠቅልሎ ወጣ፤ ቅርንጫፉ ወደቀ፤ ሽቦው ዝም አለ፤ ዘጠነኛዋ ቁራጭ ደረሰች፤ ድምሯ ገጠመ፤ ሞደሙ “ቀጥል” አለ፤ አርባኛዋም ገባች፤ ብዙነሽ ደብዳቤውን አተመች፤ ሐኪሙም አነበበው።

“ጤነኛ ናት። ይልቀቋት።”

“ድገመው” አለች ይመኙሻል።

“ጤነኛ ናት፣ እትዬ። ይልቀቋት።”

ገጠመ። በሩን ከፈተች፤ ዳለቻ ወደ ሣሩ፣ ጥጃዋ ወደ ጡቷ፣ ተረቱም ወደ ውጭ ወጣ።