አልታጠፍ ያለው አውራ ጣት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ሴትዮዋ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር።

ጥሩአየሁ በሐይቅ ዳር ዓሣ እየበለተች የምትኖር ሴት ነች። አንድ ጠዋት የአምባዛ ዓሣ እሾህ ቀኝ አውራ ጣቷን ወጋት። ነቅላ ጣለችው፤ ጫፉ ግን ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ የስድስት ወር ልጇን ሶስናን ልታዝል ብትል ጣቷ አልታጠፍ አላት። ጣቱ ካልታጠፈ ማዘያው አይታሰር። ሶስና ምንጣፉ ላይ ሆና ታለቅሳለች።

"ምን ሆኖ ነው ጣትሽ?" አሉ አማቷ እማማ ውድነሽ።

"አብጧል፣ እማማ። እሳት ሆኗል።"

እብጠቱ ካልጎደለ ጣቱ አይታጠፍ፤ ጣቱ ካልታጠፈ ማዘያው አይታሰር።

እማማ ውድነሽ ለብ ባለ ውሃና ጨው ዘፈዘፉላት። እብጠቱ ወይ ፍንክች! በሦስተኛው ቀን ከጣቷ የተነሳ ቀይ መስመር ክንዷን ይዞ ወጣ። አንቀጠቀጣት፤ ጥርሷ ተንገጫገጨ። አማቷ ሕፃኗን ታቅፈው፣ እሷን ደግፈው ጤና ጣቢያ አደረሷት።

ነርሷ ሲስተር መቅደላዊት ጣቱን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

"እብጠቱን ያመጣው የራስሽ ደም ነው" አለቻት። "ቆዳሽ ሲቀደድ ጀርም ገባ። እዚያ የነበሩት ጠባቂ ሴሎች ድረሱልን አሉ፤ የደም ስሮችሽ ሰፉ፤ ነጭ የደም ሴሎች ጎረፉ፤ ከደምሽ የወጣ ውሃም ተከትሏቸው ገባ።"

"ታዲያ ለምን አያርፉም?"

"ጀርሙ ሳይሞት?"

"ጀርሙስ ለምን አይሞትም?"

"ውስጥ የቀረው የእሾህ ስባሪ ላይ ተጣብቆ!"

ስባሪው ካልወጣ ጀርሙ አይሞት፤ ጀርሙ ካልሞተ ነጭ ሴሎቹ አያርፉ፤ ነጭ ሴሎቹ ካላረፉ እብጠቱ አይጎድል፤ እብጠቱ ካልጎደለ ጣቱ አይታጠፍ፤ ጣቱ ካልታጠፈ ማዘያው አይታሰር።

ሲስተር ምላጩን ስታነሳ ጥሩአየሁ እጇን ሸሸገች። ቀኑን ሙሉ ቢላ ይዛ የምትውል ሴት ምላጭ ፈራች።

"ነገ እመጣለሁ።"

"ነገ? ይሄ መስመር ደምሽ ውስጥ ከገባ ልጅሽን የሚያዝላት ሌላ ሰው ነው።"

እማማ ውድነሽ ሕፃኗን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ጥሩአየሁ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

ምላጩ ሲገባ መግሉ ፈነዳ። ከእጇ ስር የተቀመጠውን ሳህን እስኪሸፍነው ወረደ።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ሲዋጉልሽ የሞቱት ናቸው።"

ጥሩአየሁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ የገብስ ፍሬ የምታህል ስባሪ ወጣች፤ ጥሩአየሁም የጀርም መግደያ መርፌ ተወጋች። ስባሪው ሲወጣ ጀርሙ ሞተ፤ ጀርሙ ሲሞት ነጭ ሴሎቹ አረፉ፤ ነጭ ሴሎቹ ሲያርፉ እብጠቱ ጎደለ፤ እብጠቱ ሲጎድል፣ ጥፍሩ ወልቆም ቢሆን፣ ጣቱ ታጠፈ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጥሩአየሁ ሶስናን አዝላ ማዘያውን ቋጠረች። እማማ ውድነሽ ቋጠሮውን ጎተት አድርገው አዩት።

"ይዟል" አሉ። ከዚያ ጓዳ ገብተው አለቀሱ።