የአያ ጅቦ የመጀመሪያ ጥፋት

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ሦስት ውርንጭላዎች ነበሯት፤ ቀንድ የላት፣ ስለት ያለው ጥፍር የላት፣ ሀብቷ እነዚያ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ታላቁን አያ ጅቦ በላው።

በዚያ አገር አንበሳ የሚመራው ሸንጎ በዋርካ ሥር ይቀመጣል። ደንቡም እንዲህ ነው፦ በዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይመጣና በተበዳይ ፊት ይንበረከካል። ተበዳይ ድንጋዩን በአፉ ካወረደለት በደሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሳውም። አያ ጅቦም ድንጋዩን ተሸክሞ መጣ፣ አለቀሰ፣ ማለ። አህያ የሸንጎውን ዓይን ፈርታ አወረደችለት። የእሱ የአንገት ሕመም በማግስቱ ለቀቀው።

እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ልጆቿን ስትጠራ የሟቹንም ስም ትጠራ ነበር። «ቡላ!» ትልና ጆሮዋን ቀስራ ትቆማለች። ሁለቱ ልጆቿ መጥተው ከጎኗ ይጠጋሉ፤ እሷ አሁንም ትጠብቃለች።

ክረምቱ ሲወጣ አያ ጅቦ ሁለተኛውን በላ።

ሸንጎው ተሰበሰበ። አያ ጅቦ ድንጋዩን ተሸክሞ፣ ጠበቃው ቀበሮ ከጎኑ ሆና መጡ።

«ጌታዬ አንበሳ፣» አለች ቀበሮ፣ «የዚህ ምስኪን የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው።»

«ሁለተኛው ነው!» አለች አህያ።

«እመት አህያ፣ የፊተኛውን ድንጋይ ማን አወረደው? አንቺው አይደለሽም? የታረቁበትን ነገር መቁጠር እኮ ነውር ነው።»

አያ ጅቦ ከድንጋዩ ሥር ቀና ብሎ፣ «እውነቷን ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያኛው ድንጋይ ግን ከዚህ ይከብድ ነበር» አለ።

ዝንጀሮዎቹ ሳቁ። ቀበሮ እግሩን ረገጠችውና «አንተ ዝም ብለህ አልቅስ!» ብላ አንሾካሾከችለት።

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ ማንንም ከአገር አስወጥቼ አላውቅም። አውርጂለት፤ ሰላም ይሁን።»

«አውርጂለትና እንግባ፣ እህቴ፤ ፀሐዩ በረታ» አለ ድኩላ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ» አለች አህያ። «ወንዙን ያሻግሩት። አይገረፍ፣ አይገደል፤ ማዶ ብቻ ይሁንልኝ። የቀረችኝ አንዲት ልጅ ናት።»

«ማዶ ምን ዘመድ አለውና!» አለች ቀበሮ። «በናፍቆት ይሞታል እኮ።»

አህያ የጅቡን ሆድ አየች። «እኔ የምናፍቃቸው ማዶ ቢሆኑ ኖሮ ዋኝቼም ቢሆን እደርስባቸው ነበር» አለች። «ያሉት ግን እዚህ ሆድ ውስጥ ነው።»

አያ ጅቦ ግን ከእናቷ ጎን የቆመችውን ትንሿን ውርንጭላ ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «ይቺኛዋ ደግሞ እንዴት ወፍራለች!» አለ።

ሁሉም ሰሙት። ጥንቸል ጆሮዋን ጣለች፤ ዝንጀሮዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። አንበሳም ሰምቷል፤ ነገር ግን «ማንንም አስወጥቶ አያውቅም» የተባለለትን ስሙን ለማጣት ሳሳ።

«ደንብ ደንብ ነው» አለ። «ድንጋዩን ያላወረደ ተበዳይ ከዚህ ሸንጎ ጋር አይኖርም። ወይ አውርጂ፣ ወይ ውጪ።»

አህያ ወደ ድንጋዩ ሄደች። ሸንጎው እፎይ አለ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ አሸተተችው፤ ከዚያ ፊቷን አዞረችና ልጇን በግንባሯ እየገፋች ወደ ወንዙ ወረደች።

ማዶ ሳሩ ሻካራ ነበር፤ ዛፍም የለበትም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አህያ ዳር ላይ ቆማ የድሮውን መስክ ታያለች።

«እማዬ፣ እዚያ ምን አለ?» አለቻት ውርንጭላዋ።

«ቡላ እዚያ ነበር የሚንከባለለው። ነፋሱ አቧራ ሲያስነሳ እሱ ይመስለኛል።»

«ታዲያ አንመለስም?»

«አንመለስም» አለች፤ ጆሮዎቿ ግን ወደዚያው እንደዞሩ ነበሩ።

ሂሳቡ እንግዲህ ይኸው ነው። አህያ አንዲት ልጅ አተረፈች፤ ሁለት ልጆችና አገሯን አጣች። አያ ጅቦ ሁለት ጊዜ ጠግቦ በላ፤ የከፈለው የአንገት ድካም ብቻ ነው፣ ዛሬም ባገሩ ይኖራል። አንበሳም አንድ ጥፋተኛ ላለማስወጣት ሲል አንዲት እናት ከነልጇ አስወጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ አጥፊን ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥፋቱ እንደሆነ ቆጥሮ የሚምር ዳኛ የምሕረቱን ዋጋ የሚያስከፍለው ተበዳዩን መሆኑን ነው።